ጥፋቱ የአንባቢው ነው ወይስ የጽሑፉ?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች የወጣን ሁሉ አንድ ነገር ሳናይ አልቀረንም። አንድ ተማሪ ተነሥቶ ምንባቡን ያነባል። ፊደል አይስትም፣ አይደናቀፍም፣ አራት ነጥቡን ጠብቆ ይጨርሳል። «ጎበዝ! ምን ይላል ታዲያ?» ሲባል ግን ዝም ይላል፤ ዓይኑን ወደ መጽሐፉ ይመልሳል። እኛም ፍርዳችንን ለመስጠት አንዘገይም። «አያስተውልም» እንላለን፤ «ጭንቅላቱ አይቀበልም» የሚልም አይጠፋም። ልጁ ተከሶ፣ ተመስክሮበት፣ ተፈርዶበት ያበቃል። ምንባቡን ግን የሚጠይቀው የለም።

እስቲ ዛሬ ምንባቡን ራሱን ችሎት ፊት እናቁመው።

ለዚህ ክርክር ምስክር አድርገን የምናቀርበው የስፔንን ልምድ ነው። ለምን ስፔን ትሉን ይሆናል። በዚያ አገር ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ሲካሄዱ ስለቆዩ ነው። አንደኛው፣ ጽሑፍን ለመረዳት ለሚቸገሩ ዜጎች ጽሑፍን አቅልሎ የማቅረብ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ይህንኑ የማቅለል ሥራ በኮምፒዩተር ለመሥራት የተደረገው ጥረት ነው። ከሁለቱም የምንማረው አለ ብለን እናምናለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩ የቅንጦት አለመሆኑን እናስረዳ። በስፔን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውና ሌላም የመረዳት ችግር ያለባቸው ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍርድ ቤት ውሳኔ የመምረጥ መብታቸውን ተነፍገው ኖረዋል። በ2018 መጨረሻ የወጣው ሕግ ይህን መብት መለሰላቸው፤ በ2019 በተደረጉት ምርጫዎችም ድምፅ መስጠት ቻሉ። በ2021 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ሌላ ሰው በእነሱ ፈንታ እንዲወስን ያደርግ የነበረውን አሠራር ለውጦ፣ አስፈላጊው ድጋፍ እየተሰጣቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ደነገገ።

ታዲያ የምርጫ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው የፓርቲዎቹን ፕሮግራም አንብቦ ካልተረዳ ምርጫው የማን ነው? የኪራይ ውል ላይ የሚፈርም፣ የሐኪም መመሪያ የሚቀበል፣ የድጎማ ማመልከቻ የሚሞላ ሰው የተጻፈው ካልገባው ወሳኙ እሱ ነው ወይስ አጠገቡ ቆሞ የሚያነብለት? መብቱን በአንድ እጅ ሰጥቶ በማይነበብ ወረቀት በሌላው እጅ መንሣት ይሆናል። ስፔን በ2022 የመረዳት ተደራሽነትን የሚመለከት ሕግ ያወጣችው ይህ ስለታያት ነው። ለመንገደኛ በዊልቸር መወጣጫ እንደሚሠራለት ሁሉ፣ ለአንባቢም በጽሑፍ ውስጥ መወጣጫ ሊሠራለት ይገባል ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ የተጀመረው በስፔን አይደለም። ስዊድን ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች ቀላል መጻሕፍት ማዘጋጀት የጀመረችው በ1968 ነው። በ1984 ደግሞ «ኦታ ሲዶር» ማለትም «ስምንት ገጽ» የተባለ፣ ዜናን በቀላል ቋንቋ የሚያቀርብ ጋዜጣ ተጀመረ። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1997 የቀላል ንባብ መመሪያ አወጣ። ስፔኖች ይህን አሠራር «ሌክቱራ ፋሲል» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ቀላል ንባብ» ነው። በ2003 በባርሴሎና ለዚሁ ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2018 ደግሞ ስለ አዘጋጃጀቱ አገር አቀፍ የደረጃ ሰነድ ወጣ።

ደንቦቹን ላነበበ ሰው የሚያስደንቀው ቀላልነታቸው ነው። ዐረፍተ ነገር ይጠር። በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ዋና ሐሳብ ብቻ ይነገር። ሰው የሚያውቀው ቃል ይመረጥ፤ ከባድ ቃል የግድ ካስፈለገ እዚያው ይብራራ። ቁጥር በአኃዝ ይጻፍ፤ ከመቶኛ ስሌት ይራቅ። ምሳሌያዊ አነጋገር አይብዛ። ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቅ። ፊደሉ ጎላ ይበል፣ መስመሮቹ አይጨናነቁ። እነዚህ ደንቦች የሚጠቅሙት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰው ብቻ አይደለም። በአንጎል ሕመም ምክንያት ቋንቋ ለከበደው፣ የማስታወስ ችሎታው ለደከመ አዛውንት፣ የአገሩን ቋንቋ ገና በመማር ላይ ላለ ስደተኛም ይጠቅማሉ።

ይህን ሁሉ ሰው በእጁ ይሥራው ቢባል ግን ሥራው ከባድ ነው። ዜናው በየቀኑ ይጎርፋል፤ ቅጹና ማስታወቂያው አያልቅም። አንዱን ገጽ አቅልሎ እስኪጨርሱ አሥር ገጽ ይከመራል። ኮምፒዩተር ይርዳን የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ላይ ነው።

በ2010ሮቹ መጀመሪያ፣ በባርሴሎና የሚገኘው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆነው «ሲምፕሌክስት» በተባለ ፕሮጀክት ሥራውን ያዙት። ከሰርቪሚዲያ የዜና ወኪል 200 አጫጭር ዜናዎችን ወሰዱ። እነዚህን ዜናዎች የቋንቋ ባለሙያዎች በእጃቸው አቀለሉ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውንና የቀለለውን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ሰው ሲያቀልል ምን ያደርጋል?» ብለው መረመሩ። ይህ አካሄድ ለእኛ ለመምህራን ዕጩዎች ትልቅ ትምህርት አለው፤ ማሽኑን ከማስተማራቸው በፊት ተቀምጠው የተማሩት እነሱ ናቸውና።

ካገኙት ነገር ተነሥተው ፕሮግራማቸው በዋናነት ሦስት ሥራ እንዲሠራ አደረጉ። የመጀመሪያው ረጅሙን ዐረፍተ ነገር መክፈል ነው። የስፔን ጋዜጣ በዋናው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «የተባለው»፣ «በዚህ ጊዜ የነበረው» እያለ ሌላ ዐረፍተ ነገር መሸጎጥ ይወዳል፤ ፕሮግራሙ የተሸጎጠውን አውጥቶ ራሱን እንዲችል ያደርገዋል። ሁለተኛው ከባዱን ቃል በተለመደ ቃል መተካት ነው። ለዚህም የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ይይዛል፤ ከተመሳሳዮቹ መካከልም የትኛው ከአካባቢው ቃላት ጋር እንደሚሄድና የትኛው ይበልጥ የተለመደ እንደሆነ ይመዝናል። ሦስተኛው ቁጥርን ማቅለል ነው፤ የተዝረከረከውን አኃዝ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር እያጠጋጋ «ወደ» ወይም «ያህል» የሚል ቃል ይጨምርበታል።

ከሁሉም ደስ ያሰኘን አንድ ትንሽ ግኝት ነው። የስፔን ጋዜጠኛ የሰው ንግግር ሲያቀርብ «አረጋገጠ»፣ «ጠቆመ»፣ «አስረገጠ»፣ «አብራራ» እያለ ግሱን ይለዋውጣል። ያቀለሉት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ጠራርገው በአንድ ግስ ተኩት፤ «ዴሲር» በምትባለው፣ «ማለት» በምትለው ግስ። ይህን ስናነብ ሳቅን። የሳቅነው በራሳችን ነው። የእኛስ ዜና «አስታወቁ፣ ገለጹ፣ አስገነዘቡ፣ አሳሰቡ፣ አመለከቱ» የሚል አይደለም? ሰውየው እኮ ያደረገው ነገር ቢኖር «አለ» ብቻ ነው!

በስፔን ዩኒቨርሲቲዎችም ተሳትፎ ከ2011 እስከ 2014 የተካሄደ ሌላ የአውሮፓ ፕሮጀክት ደግሞ «ኦፕን ቡክ» የተባለ መሣሪያ ሠርቷል። የተዘጋጀው ኦቲዝም ላለባቸው አንባብያን ሲሆን በስፓኒሽ፣ በእንግሊዝኛና በቡልጋሪያ ቋንቋ ይሠራ ነበር። ለብዙዎቹ ከቃሉ ክብደት ይልቅ የሚያስቸግራቸው ሁለት ትርጉም ያለው ቃልና የተዘዋወረ አነጋገር ስለሆነ፣ መሣሪያው እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ለይቶ ማብራሪያ ወይም ሥዕል ያቀርብ ነበር። ከዚህ የምንረዳው «ከባድ ጽሑፍ» የሚባለው ለሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። አንዱን የሚያደናቅፈው ርዝመቱ ነው፤ ሌላውን ተረቱ ነው፤ ሦስተኛውን ቁጥሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ጓደኛችን «በቃ፣ ማሽኑ ተገኝቷል፤ ሁሉንም ያቅልልና እንገላገል» ሊል ይችላል። በመኝታ ቤታችን በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሰንብተናልና ይህን አስተያየት በደንብ እናውቀዋለን። እኛ ግን አንስማማም። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እናስረዳ።

በስፓኒሽ «ባንኮ» የሚለው ቃል ገንዘብ የሚቀመጥበት ባንክም ነው፣ መናፈሻ ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበርም ነው። ማሽኑ ሳያስተውል አንዱን በሌላው ቦታ ከተረጎመው፣ ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ሥር ባለ የገንዘብ ተቋም ላይ ቁጭ ብለው ይገኛሉ። ይህ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። ቁጥር ማጠጋጋትስ? በሰልፍ ላይ 1,983 ሰዎች ተገኙ የሚለውን «ወደ 2,000 ሰዎች» ማለት ማንንም አይጎዳም። የመድኃኒት መጠን ቢጠጋጋስ? ይህ አያስቅም። «ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር አይወሰድም» ከሚለው ውስጥ «ካላዘዘ በስተቀር» የሚለው ዐረፍተ ነገሩን ያረዘመው ነው ተብሎ ቢቆረጥስ? ዐረፍተ ነገሩ አጠረ፤ ሰውየው ግን መድኃኒቱን ሳይወስድ ቀረ።

ማሳጠር ማቅለል ነው ብሎ ማመን የቆየ ስሕተት ነው። ስፔናዊው የትምህርት ሊቅ ሆሴ ፈርናንዴስ ዌርታ በ1959 የቃላትን ቀለማትና የዐረፍተ ነገርን ርዝመት እየቆጠረ የጽሑፍን ክብደት የሚለካ ቀመር ለስፓኒሽ አስማምቶ አቅርቦ ነበር። ቀመሩ ጠቃሚ ነው፤ ግን ቆጣሪ ነው እንጂ አስተዋይ አይደለም። «ዘነበ። ወንዙ ሞላ። ልጆቹ ቀሩ።» የሚለውን እንመልከት። ሦስቱም አጫጭር ናቸው። ልጆቹ የቀሩት ወንዙ በመሙላቱ መሆኑን የሚነግረን ግን የለም። «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል በመቆራረጡ ጊዜ ወድቃ ቀርታለች። ይህችን ቃል ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልጋት ደግሞ ያው የመረዳት ችግር ያለበት አንባቢ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጡት ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች የሚባሉት ፕሮግራሞች ከቀድሞዎቹ በጣም የረቀቁ ናቸው። ቃል በቃል ከመተካት አልፈው ገጹን በሙሉ እንደገና ይጽፉታል፤ አጻጻፋቸውም ያማረ ነው። አደጋቸውም ያለው በማማሩ ላይ ነው። የቀድሞው ፕሮግራም ሲሳሳት ዐረፍተ ነገሩ ይንጋደድና ስሕተቱ ያስታውቃል። አዲሱ ግን በዋናው ጽሑፍ ያልነበረን ነገር ጨምሮ፣ የነበረውን ትቶ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። ዋናውን ማንበብ የሚችል ሰው አመሳክሮ ይደርስበታል። የቀለለው ጽሑፍ የተሰጠው ግን ዋናውን ማንበብ ለማይችለው ሰው ነው። እሱ በምን ያመሳክር?

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? እኛ እንደምናምነው መፍትሔው በስፔን የቀላል ንባብ አሠራር ውስጥ ቀድሞም አለ። በዚያ አሠራር አንድ ጽሑፍ «ቀላል ንባብ ነው» ለመባል ባለሙያ ስላቀለለው ብቻ አይበቃም። የመረዳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው በቡድን ሆነው ያነቡታል። ያልገባቸውን ያመለክታሉ፤ ጽሑፉ ይታረማል። ለአንዳንዶቹ ይህ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖላቸዋል። ልብ እንበል፦ ትናንት «አይገባውም» ይባል የነበረው ሰው ዛሬ ባለሙያው የጻፈውን ያርማል። ማሽኑ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያውጣ፤ ድካም ይቀንስ፤ ሰው ረቂቁን ከዋናው ጋር ያመሳክር። የመጨረሻው ፈራጅ ግን አንባቢው ይሁን። ማሽኑ የዳኛውን ወንበር ከያዘ፣ ያ አንባቢ እንደገና ከችሎቱ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ጽሑፍን ማቅለል ሰውን መናቅ ነው፣ ሰነፍም ያደርጋል» የሚሉ አሉ። ንቀት ያለው በማቅለሉ ላይ ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነው። አዋቂን ሰው እንደ ሕፃን ማናገር ንቀት ነው፤ ለአዋቂ የሚገባውን ጉዳይ በሚገባው ቋንቋ መንገር ግን አክብሮት ነው። ቃል ክብደት እንዳለውም ስፔኖች ያውቃሉ። የ1978 ሕገ መንግሥታቸው በ49ኛው አንቀጽ እነዚህን ዜጎች «ዲስሚኑይዶስ» ይላቸው ነበር፤ «ያነሱ፣ የጎደሉ» እንደማለት ነው። በ2024 አንቀጹን አሻሽለው ቃሉን አስወጡት፤ በምትኩ «አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች» የሚል ገባ። እኛስ «ዘገምተኛ» ከሚለው ቃል ከአፋችን ተላቀናል?

ቅኔ ወዳዱ ጓደኛችን ደግሞ «ሰምና ወርቁን ልታጠፉብን ነው ወይ?» ይለናል። ኧረ በጭራሽ! ቅኔው በቅኔነቱ ይኑር፤ ተረቱም አይነካ። የሆስፒታል ማስታወቂያ ግን ቅኔ መሆን የለበትም። የምዝገባ ማስታወቂያ ወርቁን የሚፈታ ሊቃውንት ሊያስፈልገው አይገባም።

ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ስምምነቱ በቀላሉ የሚነበብና የሚገባ ጽሑፍን በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ ነገሩ የስፔን ጉዳይ ነው ብለን የምንተወው አይደለም፤ ነገ በምንገባባቸው ክፍሎች ውስጥ ያ ዝም የሚለው ልጅ ይጠብቀናል። አማርኛ እንደ ስፓኒሽ ለማሽን የሚቀርብ ብዙ የተዘጋጀ ጽሑፍ የለውም። ግሳችንም የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ በረጅም ዐረፍተ ነገራችን ውስጥ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ አራት መስመር ይጓዛል። ቢሆንም መሣሪያው እስኪመጣልን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። የቀላል ንባብን ደንቦች ለመሥራት ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ለቀጣዩ የማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ መርጠን በቀላል ንባብ ደንብ እንጻፈው። ከዚያም ለተማሪዎች ሰጥተን «ገባችሁ?» ብለን አንጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ይላልና። «ምን ይላል?» እንበላቸው። መልስ ካጡ እነሱን ሳይሆን ገጹን እናርመው። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን ፈቃዳቸው ከሆነ፣ የትምህርት ዘዴ ሲያስተምሩን ይህን ጉዳይ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡልን እንላለን።

ይህ የግድግዳ ጋዜጣም ከፍርዱ አያመልጥም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያልገባችሁ ዐረፍተ ነገር ካለ በእርሳስ አስምሩበት። ቅር አይለንም። በሚቀጥለው እትም አርመን እናወጣዋለን፤ ጥፋቱ የእኛ ነውና።